ከአያት የተወረሰች ቮልስዋገን፤ ትሸጥ ወይስ ትቀመጥ?

(በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ስብሰባ ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በቤተ ሰባችን ውስጥ ገና ያልተቋጨ ነው። አያታችን ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ከተዉልን ንብረት አንዷ በ1962 ዓ.ም. የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን ናት። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ አባቴ በሰበታ፣ አጎቴ በቡራዩ፣ አክስቴ በሱሉልታ ይኖራሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል እንዲወርሱ ያዝዛልና በመኪናይቱ ላይ የሦስቱም መብት እኩል ነው። ነገር ግን መኪና እንደ እህል በቁና ተሰፍራ አትከፈልም። ወይ አንዱ ይወስድና የሌሎቹን ድርሻ ይከፍላል፣ ወይ ትሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል።

አጎቴ ትሸጥ ይላሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። መኪናይቱ በእኛ ግቢ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ከርማለች። የቆመ መኪና ያርፋል የሚል ሰው ቢኖር፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ባትሪው ይሞታል፣ ቤንዚኑ ደርቆ የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የፍሬኑ ሲሊንደር ይዝጋል፣ ጎማው ይሰነጠቃል። ደግሞም በጅማ መንገድ በሲኖትራኮች መካከል ያለ ደኅንነት ቀበቶ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሰበታ ልጆች ታውቃላችሁ።

ብርቅ ናት የሚለውን ወሬ ግን እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። የዚህ ዐይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። በአገራችን ስሟ የገነነው አንድም በታሪክ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። (የአያቴ መኪና ያቺ አይደለችም፤ ደላላው ግን ለገዢ እንዲያ ከማለት የሚመለስ አይመስለኝም።) በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ደላላው ይህን ይዞ ለአጎቴ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሳትወድቅ ሽጧት» ይላል፤ ለገዢው ደግሞ «ከእንግዲህ አትገኝም» ይላል።

አክስቴ ፈጽሞ አትሸጥም ይላሉ። የሚያስገርመኝም ይህ ነው፤ ከሦስቱ ይልቅ ገንዘብ የቸገራቸው እርሳቸው ናቸውና። የጀመሩት ቤት ጣራ አላገኘም፣ ልጃቸውም የነርስነት ትምህርት ጀምራለች። ባላቸው በሞቱበት ዓመት አያቴ እሑድ እሑድ ከሰበታ ተነሥተው አዲስ አበባን አቋርጠው በዚህች መኪና ይጠይቋቸው ነበር። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን የእንጦጦን ዳገት የምታውቁ ትፈርዳላችሁ። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ቮልስዋገን ግን ሞተሯ በኋላዋ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ነውና የሚፈላ ውኃ የላትም፤ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች ትወጣለች። አክስቴ ድምፅዋን ከሩቅ ለይተው ቡና ይጥዱ እንደ ነበረ ይናገራሉ።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር። ጥቅም እንዳለኝ አልደብቅም፤ 18 ዓመት ስለ ሞላኝ መንጃ ፈቃድ ላወጣ እችላለሁ፣ ከተቀመጠችም የምነዳት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቢሆንም አክስቴ «አትሸጥ» ስላሉ ብቻ በግቢያችን እናቆያት ማለትን አልወድም። መኪናይቱ በሰበታ ስትቀመጥ የእርሳቸውም ድርሻ አብሮ በሰበታ ይቀመጣል፤ መታሰቢያውን የምንይዘው እኛ፣ ያለ ጣራ የሚከርሙት እርሳቸው ይሆናሉ። ከፍቅር የተነሣ የተናገሩትን ቃል ለእኛ እንደሚመች አድርገን መተርጐም አይገባንም። ስለዚህ አባቴ ሊይዟት ከፈለጉ የሁለቱን ድርሻ ይክፈሉ፣ አስቀድሞም የአክስቴን። ይህ ካልተቻለ ትሸጥ፤ ነገር ግን ለሚነዳት ሰው እንጂ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈትታ ለመለዋወጫ እንድትሆን አይደለም።

ይህን ለአባቴ ነግሬያቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ተቀብለውኛል። በዚህ ወር የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸዋልና ገንዘቡ ክረምት ሳይገባ ለአክስቴ ጣራ ይደርሳል። ሊብሬውን ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ለፍርድ ቤት ተጠይቋል። አጎቴም ድርሻቸውን እስከ ፋሲካ እንደሚጠብቁ ቃል ሰጥተዋል። እስከዚያ ካልሞላ፣ ሁለት ቮልስዋገን ያለው አንድ የቡራዩ መካኒክ ሊገዛት ይፈልጋል። መጥቶ ሲያያት ከዋጋዋ በፊት የጠየቀው ሞተሯ መጨረሻ የተነሣው መቼ እንደ ሆነ ነው።