ጥቁሩን ብቻ ንካ

በባንኮ ጎቲቲ ለሚቀርብ የሕዝብ ዲስኩር የተዘጋጀ ጽሑፍ



ከቡና ማድረቂያ አልጋው ጥግ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠ አንድ ልጅ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይወቃዋል። ከላይ ጥቁር ጡቦች ይወርዳሉ። ጥቁሩን ሲነካ ፒያኖ ይደመጣል፤ ስቶ ነጩን ከነካ ጨዋታው እዚያው ያከትማል። ጌሙ ፒያኖ ታይልስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ባጭር ጊዜ ዓለምን ያዳረሰ ነው። የልጁ ፍጥነት አይጣል ነው። ትከሻው ላይ የተደገፉት ጓደኞቹ «ይሄ እኮ ፒያኖ ቢያገኝ አገር ያስደንቃል» ይላሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በኋላ ይኸው ልጅ የኳየሩን ኪቦርድ ባዶ ያገኘዋል። ይቀመጣል፣ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ከዚያ ዝም። ከላይ የሚወርድ ነገር የለም። የቱን እንደሚነካ የሚነግረው ጡብ የለም። አንዱን ቁልፍ ይጫናል፤ ያልፈለገው ድምፅ ይወጣል። ሌላውን ይሞክራል፤ እሱም አይደለም። ጓደኞቹ መሣቅ ሲጀምሩ ይነሣል።

እንዲህ ያለ ልጅ ከዲላ እስከ ቦሌ ሞልቷል። ይህ ዲስኩር የሚመረምረውም በጥላው ሥር ባለው ፈጣን ጣትና በኪቦርዱ ላይ ደርቆ በቀረው ጣት መካከል ያለውን ርቀት ነው። የሙዚቃ ጌም እውነተኛ መሣሪያ ለመማር ይረዳል ወይስ አይረዳም?

ጥያቄው ለባንኮ ጎቲቲ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። በጌዴብ ወረዳ ያለችው ይህች ቀበሌ የምትታወቀው በቡናዋ ነው፤ ስሟ በአሜሪካና በአውሮፓ ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ ይነበባል። በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን ሩቅ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዲላ እንኳ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እዚህ ላደገ ወጣት መምህሩ ኳየሩ፣ ታላቅ ወንድሙና ስልኩ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ስልክ የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ማወቁ ታዲያ ተገቢ ነው።

የሙዚቃ ጌም ታሪክ ከስልክ በፊት ይጀምራል። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ጊታር ፍሪክስ የተባለ፣ አንገቱ ላይ ሦስት ቁልፎች ያሉት ጊታር መሰል መጫወቻ በጌም ማዘውተሪያዎች ውስጥ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ጊታር ሂሮ ወጣ። የፕላስቲክ ጊታር ነው፤ አምስት ባለ ቀለም ቁልፎች አሉት፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ። ተጫዋቹ በግራ እጁ ቁልፉን ይዞ በቀኙ ክር መሳዩን ዘንግ ይመታል።

ጌሙን የሠራው ሃርሞኒክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ኤም አይ ቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው የወጡ ሁለት ወጣቶች፣ አሌክስ ሪጎፑሎስና ኤራን ኤጎዚ፣ በ1995 የመሠረቱት ነው። ኤጎዚ ራሱ ክላሪኔት ነፊ ነው። ሁለቱን ያነሣሣቸው መሣሪያ የማይችለው ብዙኃኑ ሰው የሙዚቀኛን ደስታ እንዲቀምስ የማድረግ ምኞት ነበር። ደስታውን ማቅመስ አንድ ነገር ነው፤ ሙያውን ማስተማር ሌላ። በኋላ የተነሣው ክርክር አብዛኛው የመጣው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

እዚህ ላይ የአጋጣሚ ነገር አለ። ሃርሞኒክስ ከበሮንና ድምፃዊነትን የጨመረውን ሮክ ባንድ በ2007 ከካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ለገበያ ሲያቀርብ፣ በዚያችው ከተማ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም የ2007/08 ተመራማሪ ሆኖ ተቀምጦ፣ ከኤም አይ ቲ ሰዎችም ጋር ክራርን ስለማዘመን ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ክራር ከአምስት ድምፅ ቅኝት ወጥቶ ሌላውንም ሙዚቃ እንዲጫወት ማስቻል ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ወገን መሣሪያውን ወደ አምስት ቁልፍ ሲያሳንስ ሌላው አምስቱን ድምፅ ለማብዛት ይደክም ነበር ማለት ነው።

የጊታር ሂሮ ትልቁ ምሥጢር ያለው በስሕተቱ ውስጥ ነው። የሚሰማው ጊታር አስቀድሞ በባለሙያ ተቀድቷል። ተጫዋቹ በሰዓቱ ከተጫነ ቅጂው ይቀጥላል፤ ከሳተ የጊታሩ ድምፅ ይጠፋል፣ ወይም አንዳች ጭረት መሳይ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን የተበላሸ ኖታ ሰምቶ አያውቅም። የሚሰማው ወይ የባለሙያውን ልክ ነው፣ ወይ ዝምታን። እውነተኛ መሣሪያ ላይ ግን ስሕተት ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ከልኩ ምን ያህል እንደራቀ፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ መለየት ያለበት የተማሪው ጆሮ ነው። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ያደናቀፈው ይህ ነው። ፒያኖ ታይልስ ውስጥ ጡቡ በየትኛውም ረድፍ ቢወርድ የሚሰማው የዜማው ቀጣይ ድምፅ ነው፤ የጣቱ ቦታና የድምፁ ከፍታ አይተዋወቁም። ልጁ ለወራት የተለማመደው የዓይንና የጣትን ሩጫ ነበር። ጆሮው ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር።

ታላላቅ ሙዚቀኞችም ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። ጊታሪስቶቹ ጃክ ዋይትና የሌድ ዜፕሊን ባንዱ ጂሚ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥርጣሬያቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ፔጅ ሟቹን ከበሮ መቺያቸውን ጆን ቦንሃምን ጠቅሶ፣ የእሱን አመታት በዓለም ላይ ስንት ከበሮ መቺ ይችለዋል፣ በገና ማለዳ ስጦታውን የከፈተ ልጅማ እንዴት ይሆንለታል የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ሰጥቷል። ተገቢ ቁጣ ነው፤ ግን ምሳሌው ሳይታሰብ ደካማውን ጎን ነክቷል። ከጌሙ መሣሪያዎች ሁሉ ለእውነተኛው የሚቀርበው ከበሮው ነውና። የሮክ ባንድ ከበሮ አራት መምቻና አንድ የእግር ፔዳል አለው፤ መምቻው በእውነተኛ ዱላ ይመታል፤ ሁለት እጅና አንድ እግር እየተለያዩ መሥራት ይኖርባቸዋል። ከበሮ ዋና ጉዳዩ ጊዜ ነው፣ ጌሙም የሚለካው ጊዜን ነው። በሮክ ባንድ ከበሮ የተለማመደ ሰው እውነተኛ ድራም ላይ ሲቀመጥ ባዶ እጁን አይመጣም።

ጆሮን በተመለከተም ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ጨለማ አይደለም። የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የሙዚቃ ጌም አዘውትረው የሚጫወቱ ሰዎች የሙዚቃ አደማመጥ ፈተናዎች ላይ ሙዚቃ ካልተማሩና ጌሙንም ከማይጫወቱ ሰዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ደስ የሚል ዜና ነው። ሆኖም ጌሙ ጆሯቸውን ሳለው ወይስ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ወደ ጌሙ ሄዱ የሚለውን እንዲህ ያለው ንጽጽር ብቻውን አይፈታውም።

አሁን ወደ ክራር። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ በጥሬ ትርጉሙ ተገልብጦ።

ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድነት ይገርፋል። ግራ እጅ ከክሮቹ በስተጀርባ ሆኖ በጣቶቹ አፍኗቸዋል። እንዲሰማ የተፈለገውን ክር የያዘው ጣት ብቻ ይነሣል፤ ያ ክር ይናገራል፤ ሌሎቹ እንደታፈኑ ይቀራሉ። በጊታር ሂሮ ድምፅ የሚመጣው ጣት ሲጫን ነው። በክራር ግርፍ ጣት ሲለቅ ነው። በፕላስቲኩ ጊታር ዓመት የሠለጠነ እጅ ክራር ሲይዝ ከመማሩ በፊት የሚረሳው ነገር አለው ማለት ነው፤ ከምንም ያልተነሣ ጀማሪ ሳይቀድመው አይቀርም። ማሲንቆም ሌላ ዓለም ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ፣ አንገቱ ላይ ምንም የቦታ ምልክት የለም፣ ጣት በጆሮ እየተመራ ቦታውን ይፈልጋል። የማሲንቆን አንገት በአምስት ቁልፍ መተካት ማሲንቆነቱን መሰረዝ ነው።

ደግሞ ያ አምስት ቁጥር እጅግ ያጓጓል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ናቸው፤ የክራር ስድስተኛ ክር አንዱን ድምፅ ከፍ ባለ እርከን ይደግመዋል። አምስት ድምፅ፣ አምስት ቁልፍ፤ ጌም ሠሪ ቢያየው የተዘጋጀ ገበታ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ክራሩ እንደገና ይቃኛል፤ አንዳንዱ ክር ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይላላል። ቀለም ያለው ቁልፍ አይጠብቅም፣ አይላላም።

ከቤተ ክህነት ትምህርት አንድ ምሳሌ መዋስ ይቻላል። የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ከቃሉ በላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ ላይ ላዩን ከጌሙ ጡቦች ጋር ዘመድ ይመስላሉ። ግን የዜማ ተማሪ ከምልክቱ አይጀምርም። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ይቀጽላል፣ ይታረማል፤ ምልክቱ የሚያስታውሰው ጆሮው አስቀድሞ የያዘውን ነው። የጌሙ ጡብ ደግሞ አስታዋሽ አይደለም፣ አዛዥ ነው። ትእዛዙ ሲቆም እጅም ይቆማል።

ጌም ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጉድለት አይተው ወደ እውነተኛው መሣሪያ መጠጋታቸው ሊመሰገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሮክ ባንድ 3 ሃያ አምስት ቁልፍ ያለው ኪቦርድና 102 አዝራሮች ያሉት ጊታር ይዞ መጣ። በ2011 የዩቢሶፍቱ ሮክስሚዝ ከዚያም አለፈ፤ የፕላስቲኩን ጊታር ጥሎ እውነተኛ ኤሌክትሪክ ጊታርን በኬብል ከኮንሶሉ ጋር አገናኘ። ጀማሪው ጥቂት ኖታ ይሰጠዋል፤ ሲሻሻል ይጨመርለታል፤ የከበደውን ክፍል አዝግሞ ይደጋግማል። ክሩ ጣቱን ይቆርጠዋል፣ የተሳሳተው ኖታ እንደተሳሳተ ይጮሃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ጊታሩ መቃኘቱን ይፈትሻል። ለዚህ ዲስኩር አቅራቢ ሮክስሚዝን ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ይህች ትንሽ ማቆሚያ ናት።

ሮክስሚዝ ጌዴብ ይደርሳል ወይ ለሚል መልሱ ቀላል ነው። በ2011 የወጣው ሮክስሚዝ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኮንሶል፣ ኬብልና የማይጠፋ መብራት ይጠይቃል። በየከተማው ያሉት የጌም ቤቶችም የሚኖሩት በኳስ ጨዋታ ነው። ስልክ ግን አለ፤ ስልክ ደግሞ ማይክሮፎን አለው። ጊታር ቱና የተባለው የፊንላንድ መተግበሪያ ተራ ስማርት ስልክ የክርን ድምፅ ሰምቶ «ዝቅ ብሏል፣ አጥብቀው» ማለት እንደሚችል ካሳየ ቆይቷል። አዲስ አበባ ያለው ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስም ኩኩሉ የተባለውን ጌም ሠርቶ፣ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶ፣ የአገር ጨዋታ በአገር ልጅ እጅ ጌም እንደሚሆን አሳይቷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያጣመረ፣ ስልኩን ከጎን አስቀምጦ እውነተኛውን ክራር የሚያዳምጥ ጌም ቢሠራ፣ ጡብ ሳይሆን ዜማ አሰምቶ «አሁን አንተ» የሚል፣ ለገጠር ተማሪ መምህር ባይሆን የመምህር ረዳት ይሆነዋል።

እስከዚያው ለኪቦርዱ ልጅ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ከራሱ ጌም የተወሰደ። ፒያኖ ታይልስ ጥቁሩን ብቻ ንካ ይላል። ኪቦርድ ላይም ነጮቹን ትቶ ጥቁሮቹን ብቻ የነካ ሰው አምስት ድምፅ ያገኛል፤ በሦስትና በሁለት ተቧድነው ከተደረደሩት ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ከሄደ፣ የሚሰማው ሙሉ ትዝታ ቅኝት ነው። እዚያ ውስጥ ሆኖ በጆሮው ያደገበትን አንድ መዝሙር ቢፈልግ፣ በቅኝቱ ከሆነ አሥር ጊዜ ስቶ በአሥራ አንደኛው ያገኘዋል። አሥሩ ስሕተቶች ጌሙ የነፈገው ትምህርት ናቸው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተራ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። እሱን ያህል ባለሙያ በሰልፍ መሀል የሚፈልገው ኖታ ካለው፣ ከኳየር ልምምድ በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት ለልጁ ትንሽ አይደለችም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ክራርና አንድ ስልክ ተቀምጠዋል። ከዲስኩሩ በኋላ ስልኩ ላይ ፒያኖ ታይልስ ለሚሞክሩና ክራሩን ለሚሞክሩ ተማሪዎች ወረፋ ይኖራል። ክራሩ ሆን ተብሎ ከቅኝቱ ወጥቷል፤ ቀድሞ የሚመጣው ተማሪ የሚጀምረው ከመቃኘቱ ነው።