ባሕርን በመስታወት ውስጥ ማኖር፦ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ሳይንስና ኃላፊነት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በቤት ውስጥ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ስለ ማቋቋም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቆረቆረች፣ ከቅርቡ የባሕር ጠረፍም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቅ ከተማ ይህን ርእስ ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ እንድትመለከቱት እጋብዛችኋለሁ። ባሕር በሌለበት ባሕርን ለማኖር የሚሞክር ሰው፣ ባሕሩ ሳይታይ የሚያከናውነውን እያንዳንዱን ተግባር አንድ በአንድ በእጁ ለመሥራት ይገደዳል። በዚህም ስለ ባሕር ብዙ ይማራል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ዋጋ አለው፤ ሥራው ያለ ዕውቀት የተጀመረ እንደ ሆነ ዋጋውን በሕይወቱ የሚከፍለው ዓሣው ነው። ስለሆነም የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ አኳሪየም የያዘ ሰው በቅድሚያ የሚያኖረው ውሃውን ነው። ውሃው በደኅና ከኖረ ዓሣው ይኖራል።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከምትገኘው ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ጥቂት ኮራሎችን ይዘው ወደ ለንደን ተመለሱ። ውሃው እንዳይበላሽባቸው የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል፣ ነገር ግን አድካሚ ነበር። በየዕለቱ ውሃው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ ይደረግ ነበር፤ ድካሙም የወደቀው በቤት ሠራተኛቸው ላይ ነበር። ቆይተው የባሕር አረም ጨመሩበት፤ ኮራሎቹም ለዓመታት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አኳሪየም ተመረቀ። በተከታዩ ዓመት የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉም ብዙ ሰው ባልዲና መረብ ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ እንዲጎርፍ አደረገ። ልጃቸው ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ፣ አባታቸው የወደዷቸው በዐለት መካከል ያሉ የባሕር ኩሬዎች በሰብሳቢዎች እጅ እንደ ተራቆቱ በሐዘን ጽፈዋል። እንግዲህ ውሃን ሕያው አድርጎ የማቆየት ጥበብና የወደዱትን ነገር የማጥፋት አደጋ በአንድ ዘመን ተወለዱ፤ ዛሬም አልተለያዩም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ጉዳይ ጨው ነው።

አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም የሟሟ ጨው ይይዛል። ይህ በሀገራችን ሲነገር ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የአፋር ጨው እያለን ስለምን ከውጭ የሚመጣ ጨው እንገዛለን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በአፋር ምድር ታሪክ ውስጥ ነው። ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የደናክል ረባዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻው ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የኮራል ቅሪቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ክንዱ ከባሕሩ ከተቆረጠ በኋላ ውሃው ተነነ፤ ጨዎቹ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አልረጉም። የባሕር ውሃ ሲተን በቅድሚያ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የገበታ ጨው፣ በመጨረሻም የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች ተራ በተራ ይለያሉ። በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ገበያ የሚወጣው አሞሌ ከእነዚህ ንብርብሮች የአንዱ ቁራጭ ነው፤ አብዛኛውም ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ስለዚህ አሞሌን በውሃ ብናሟሟው የደረቀውን ባሕር መልሰን አናገኘውም።

በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 86 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው 14 በመቶ ግን ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ኮራል አጽሙን የሚገነባው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ የውሃው አልካላይነትም የሚጠበቀው በዚህ በትንሹ ክፍል ነው። ስለሆነም ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ለ200 ሊትር ገንዳ ከ7 ኪሎ ግራም በላይ ይፈጃል። ውሃውም ቢሆን በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይይዛል፤ ከቧንቧው የሚሟሟ ጥቂት መዳብ እንኳ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ጨውና ውሃ የሚደባለቁት እንስሳት ባሉበት ገንዳ ውስጥ ሳይሆን በተለየ በርሜል ነው። ድብልቁን አንድ ቀን በፓምፕ ማዘዋወርና በሪፍራክቶሜትር መለካት ይገባል።

እዚህ ላይ ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። ባለ 200 ሊትር ገንዳ በደረቁ የበጋ አየር በቀን 2 ሊትር ቢያጣ፣ በአሥር ቀን ውስጥ 35 የነበረው የጨው መጠን ወደ 39 ይጠጋል። የጎደለውን በጨዋማ ውሃ የሚሞላ ሰው ችግሩን ያባብሰዋል። በትነት የጎደለ ውሃ የሚተካው በየዕለቱ፣ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በዓይን የማይታዩት ሠራተኞች ናቸው።

ዓሣ በዝንጥሉ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በባሕር ውስጥ ይህ ወዲያው ተበርዞ ይጠፋል፤ በ200 ሊትር ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም። በባሕር ውሃ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ፒ.ኤች. 8.2 በሆነበት ውሃ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ፒ.ኤች. 7 ከሆነ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ አያንስም። ከዚህ የሚያድኑን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣሉ። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ እንዳሳዩት፣ እነዚህ ሕያዋን ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ኬሚካዊ ለውጥ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ኑሮ ትርፍ ግን አነስተኛ ስለ ሆነ እድገታቸው አዝጋሚ ነው። በአንጀታችን ያለው ኢ. ኮላይ በተመቻቸ ሁኔታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን፣ እነርሱ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ። ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ ድንጋይ በገንዳው ይደረደራል፤ ውሃው ይሞቃል፣ ይዘዋወራልም። ከዚያም በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል አሞኒያ ይጨመርና በየጥቂት ቀኑ ይለካል። አሞኒያው መቀነስ ሲጀምር ናይትራይት ይነሣል፤ እርሱም በተራው ወርዶ ናይትሬት ይከማቻል። የተጨመረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይትም ዜሮ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገንዳው ዝግጁ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰው የሚያየው ባዶ ውሃና ድንጋይ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ትዕግሥት አጥተው ዓሣ የሚያስገቡት በሁለተኛው ሳምንት፣ ናይትራይቱ ወይም አሞኒያው ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ነፍስ ነውና አይለቀምም።

ሦስተኛው ጉዳይ አየርና የኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

በዚህ ረገድ እኛ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ከመጻሕፍቱ የተለየ ስሌት ያስፈልገናል። በባሕር ወለል ደረጃ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም ጥቂት ያነሰ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዚሁ ልክ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ወደ 5 ሚሊ ግራም ዝቅ ይላል። ዓሣው ለመተንፈስ የሚተማመንበት ትርፍ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው ማለት ነው። በመጻሕፍት የሚሰጠው የዓሣ ብዛት ለእኛ ይበዛል። የውሃው ገጽ ሁልጊዜ መናወጥ አለበት፤ በአረፋ ቆሻሻን የሚለየው ፕሮቲን ስኪመር የተባለው መሣሪያም አየር ስለሚያስገባ ድርብ ጥቅም ይሰጣል።

በዚህ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሙቀቱ ነው፤ ሆኖም 200 ሊትር ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ብዙ ሰዓት ያቆየዋል። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ ዓሣውም ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም አብረው ይሻሙታል። ስለሆነም ከጌጠኛው መብራት በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይገዛ። ባትሪው ባለቀበት ሌሊት ደግሞ አና ታይን ቤት ይሠራ የነበረው ሥራ ይቀራል፤ ውሃውን በማሰሮ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ። የኤሌክትሪክ ገመዶችም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው እንዲታጠፉ ይሁን፤ በገመዱ የሚወርድ ጨዋማ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ማንን እናስገባለን የሚለው ነው።

ለንጹሕ ውሃ አኳሪየም የሚሸጡት ዓሦች በአብዛኛው በእርባታ የተገኙ ናቸው። የባሕሮቹ ግን አብዛኞቹ ከተፈጥሮ መኖሪያቸው የተያዙ ናቸው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፊሊፒንስ ጠላቂዎች ዓሣን ለማደንዘዝ ሳያናይድ ሲረጩ ኖረዋል፤ መርዙ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የተጠለለበትን ኮራልም ይገድላል። በኢንዶኔዥያ በባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ በተፈጥሮ የሚገኘው የባንጋይ ካርዲናል ዓሣ ለአኳሪየም ንግድ በብዛት በመያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል። አሳዛኙ ነገር ይህ ዓሣ በገንዳ ውስጥ ለመራባት የማያስቸግር መሆኑ ነው፤ ወንዱ እንቁላሎቹን በአፉ ይዞ ያሳድጋል።

ለጀማሪ የምመክረው በእርባታ የተገኙ ሁለት ክላውንፊሽ ነው። እነዚህ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰው እጅ ይራባሉ። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ በመጠን የሚልቀው ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ስለዚህ ጾታ መምረጥ ሳያስፈልግ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መግዛት ይበቃል። አዲስ የመጡ ዓሦች በተለየ ገንዳ ለአንድ ወር ያህል ቢቆዩ፣ ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ዋናው ገንዳ እንዳይገባ ይከላከላል። ክላውንፊሽ በጥሩ አያያዝ 20 ዓመት ሊኖር እንደሚችልም አትዘንጉ። ዛሬ ዓሣውን የሚገዛ ተማሪ ተመርቆ፣ ቤት ቀይሮ፣ ልጅ ወልዶ እንኳ ኃላፊነቱ ላያበቃ ይችላል።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ። ይህ ዓሣ ከየት መጣ? ሻጩ መመለስ ካልቻለ ይቅርባችሁ። መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ምን አደርጋለሁ? መልሱ ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ ይኑር። ሦስተኛው፣ ለስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ እየለካሁ መቆየት እችላለሁን? ለዚህ አልችልም የሚል ሰው ገንዳ ባይጀምር ለዓሣውም ለእርሱም ይሻላል። እችላለሁ የሚል ግን ዓሣ ሳያስገባ እንኳ ትልቅ ነገር ይዟል። ድንጋይ፣ የባሕር ጨው፣ ፓምፕና ጥቂት መለኪያ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ተማሪዎች አሞኒያ ሲወርድ፣ ናይትራይት ሲነሣና ሲወድቅ በየሳምንቱ በወረቀት ላይ እንዲሥሉ ሊያደርግ ይችላል። ያን መሥመር በእጁ የሣለ ተማሪ፣ ዓሣው የገባ ዕለት የሚዋኝበትን ውሃ ማን እንዳዘጋጀለት ያውቃል።