ከገበሬው ጥያቄ የተነሳ ምርምር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ፕሮፌሰር ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1858 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከፖም አምራች ገበሬ ተወለዱ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ረዳት ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1885 በትውልድ ግዛታቸው የሆርቲካልቸር መምህር ሆኑ። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን የፍራፍሬ ልማትን ከሳይንስ አይቆጥሩትም ነበር። ቤይሊ ግን ወደኋላ አላሉም፤ በ1888 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ።

በ1894 በኒውዮርክ ግዛት የቻታኳ አካባቢ ወይን አምራቾች ችግራቸው እንዲጠናላቸው በአንድነት ጠየቁ። የግዛቱ ምክር ቤትም 8,000 ዶላር ፈቀደ። ቤይሊና ባልደረቦቻቸው ከግቢያቸው ወጥተው በአምራቾቹ ማሳ ላይ ምርምር አካሄዱ፤ ውጤቱን በቀላል ጽሑፍ አሰራጩ፤ በየአካባቢው አጫጭር ሥልጠና ሰጡ።

ሥራው በዚያ አላበቃም። በ1908 የተቋቋመውና ቤይሊ በሊቀመንበርነት የመሩት የገጠር ሕይወት ኮሚሽን ኤክስቴንሽን በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ አሳሰበ፤ በ1914 ሕግ ወጣለት። ትምህርትን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን ያጣመረው ይህ አሠራር በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ አገራችን አለማያ ደረሰ።

ውድ አባላት፣ የሁሉም መነሻ የገበሬዎች የጋራ ጥያቄ ነው። ማንጎ በነጭ ተባይ ሲጠቃ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጮህ የሚሰማው ጎረቤቱ ነው። ችግሩን በማኅበር ማቅረብ የአባላት፣ መልሱን ማሳ ድረስ ማድረስ የባለሙያው፣ በጀት መፍቀድ የአመራሩ ድርሻ ነው።

መልካም በዓል!