አመዳችሁን አትጣሉ
(ስለ አልፋልፋ መኖ ለላስታ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



«አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። በተረቱ አመድ የተናቀ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ አመድን ላመሰግን ተነሥቻለሁ፤ ለአልፋልፋ ምግብ ነውና።

በላስታ ተዳፋት ላይ ማረሻ የነካውን አፈር የክረምት ጎርፍ እንደሚወስደው ታውቃላችሁ። አልፋልፋ ግን አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለጥቂት ዓመታት ሳይታረስ ይታጨዳል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ናይትሮጅን የተባለውን ምግብ በሥሩ እባጮች አማካይነት ከአየር ያገኛል። ፖታሲየም የተባለውን ግን የሚያገኘው ከአፈር ነው። አሥር ኩንታል ደረቅ አልፋልፋ ከማሳ ሲወጣ 20 ኪሎ ያህል ፖታሲየም ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ሳይመለስለት ዘወትር የሚታጨድ ማሳ ውሎ አድሮ ይደኸያል።

ቀድሞ የአገራችን አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም ይባል ነበር። ስለዚህ ለገበሬው ለብዙ ዘመን ይቀርብ የነበረው ዳፕና ዩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ጥናት ግን በአንዳንድ ቦታ ጉድለት መኖሩን አሳየ።

የጉድለቱ ምልክት በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ የሚታይ ነጫጭ ነጠብጣብ ነው። ኋላም ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፤ ተክሉ ይሳሳል፤ አረም ቦታውን ይወርሳል።

መድኃኒቱ በቤታችሁ አለ።

አንደኛ፤ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው በአመዱ ይቀራል። አመዱን ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ አኑሩ፤ ዝናብ ከነካው ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ አልፋልፋው ከታጨደ በኋላ አፈሩ እርጥብ ሳለ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ጭብጥ፣ ክረምት ሲወጣም ሌላ ጭብጥ አመድ በትኑ። ማረስ አያስፈልግም፤ ዝናቡ ያሰርገዋል። በለጋ ቡቃያ ላይ ግን አትበትኑ፤ ያቃጥለዋል። ከዩሪያም ሆነ ከትኩስ እበት ጋር አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

ሦስተኛ፤ ከብት ከሚያስወጣው ፖታሲየም የሚበዛው በሽንቱ ነው። ስለዚህ በጋጣው ገለባ ጎዝጉዙ፤ ሽንት የጠጣውን ጉዝጓዝም አብላልታችሁ ወደ ማሳው መልሱ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬውን የፖታሽ ማዳበሪያ ግዛ ከማለታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ፣ አፈሩ ጨዋማ ወይም ኖራማ ከሆነ አይጨመርበት። በማሳውም መካከል አንድ መደብ አመድ ሳይነካው ይቅር፤ ገበሬው ጎን ለጎን አይቶ ራሱ ይፍረድ።

እርጥብ አልፋልፋ ብቻውን ለከብት አትስጡ፤ ሆዱን ነፍቶ ይገድለዋል። አጠውልጋችሁ ከገለባ ጋር አብሉት፤ የተረፈውንም ድርቆሽ አድርጋችሁ ለበጋ አኑሩ። በሬው ከስቶ ሰኔ የደረሰበት ሰው የድርቆሽን ዋጋ ያውቃል።

ነገ ጠዋት ምድጃው ሲጠረግ አመዱ ወዴት እንደሚጣል ተመልከቱ።