ሞተር ሲግል ውሃውን እንጠይቅ
በአባያ ሐይቅ ላይ ስለሚሠሩ የጀልባ ሞተሮች የማቀዝቀዣ መስመር መደፈን የቀረበ ንግግር




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ታላላቅ ግድቦችን ወይም ፋብሪካዎችን የሚመለከት አይደለም። ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን፣ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የሚሸከሙትን ሞተር ይመለከታል። ይሁን እንጂ መኪና ጋለና በመንገድ ዳር ቆመ ማለትና የጀልባ ሞተር ጋለና በሐይቅ መካከል ቆመ ማለት አንድ አይደለም። በሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ በውሃው ውስጥ አዞ አለ፤ ዋና የማያውቅ ተሳፋሪም ይኖራል። ስለዚህ የመጋሉን ምክንያት አስቀድሞ መርምሮ ማግኘት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

የወላይታ ምድር በኦሞና በብላቴ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ነው። እኔ የተወለድኩበት የቦምቤ አካባቢ ወደ ኦሞ ያዘነብላል፤ የምሥራቁ ወገን ደግሞ ዝናቡን በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይልካል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ኦሞን አግዶ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስለ ፈጠረ፣ ዛሬ በምሥራቅም በምዕራብም ጀልባ የሚሄድበት ውሃ አለን። ምሳሌዬን የምወስደው ግን ከአባያ ነው፤ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

አባያ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር ብዙም አያልፍም። የውሃው መልክ ቀይ ቡናማ ነው። ይኸውም ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላናና ሌሎች ወንዞች ከደጋው የሚያመጡት የደቀቀ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀርና፣ ነፋስም ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ እየበጠበጠ እንዳይጠራ ስለሚያደርገው ነው።

የመኪና ሞተር አንዱን ውሃ በራዲያተር እያዞረ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። የጀልባው ሞተር ግን ሐይቁን ራሱን ይጠጣል። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ወንፊት ይገባል፤ ክንፎቹ ከጎማ የተሠሩ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች አልፎ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ከዚህም ጥቂቱ በሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በቀጭኑ ይፈስሳል። ጀልባ ነጂው ፓምፑ መሥራቱን የሚያውቀው በዚህች ምልክት ነው።

አሁን ጥቂት ስሌት እናድርግ። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር 30 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት ይሰጣል። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህንኑ የሚያህል ሙቀት በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል ብለን እንነሣ። በደቂቃ 14 ሊትር ውሃ ቢያልፍ፣ በ25 ዲግሪ የገባው በ55 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። መተላለፊያው ተደፍኖ ውሃው በግማሽ ቢቀንስስ? የሚወጣው በ85 ዲግሪ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። 85 ደግሞ አማካይ ነው፤ በጭስ መውጫው ግድግዳ አጠገብ ያለው ውሃ ከዚያ ቀድሞ ይፈላል። እንፋሎት በተፈጠረበት ስፍራ ብረቱ አይቀዘቅዝም። እዚያ ያረፈው ጭቃም ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። መደፈኑ ሙቀትን፣ ሙቀቱም መደፈንን ይወልዳል።

በሐይቁ ዳር ካየኋቸው አንዱን ላቅርብ። ባለቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የፓምፑን ጎማ ሁለት ጊዜ ቀይሯል፤ ቴርሞስታቱንም አስወጥቶ ጥሎታል። ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ደኅና ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ተነዳ ግን ይግላል። ባለቤቱም፣ «ኢንጂነር፣ ውሃው እኮ እየወጣ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ምልክቷ ፓምፑ ውሃ መግፋቱን ትመሰክራለች እንጂ ውሃው በሁሉም መተላለፊያ ማለፉን አትመሰክርም። በብዙ ሞተሮች ይህ ውሃ የሚቀዳው ቴስታታው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

በሙቀት መለኪያ ሁለቱን ሲሊንደሮች ስናነጻጽር የላይኛው ከታችኛው በግልጽ ይበልጥ ይግል ነበር። ወንፊት ወይም ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በጋሉ ነበር። ቴስታታው ሲከፈት በላይኛው ሲሊንደር ዙሪያ የደረቀ ቀይ ጭቃ ተገኘ፤ በጭቃውም መካከል ከአሮጌው ፓምፕ የተቆረጠ የጎማ ክንፍ ተሰንቅሮ ነበር። ጎማው ሲቀየር የጎደለውን ክንፍ ፈልጎ ያወጣ አልነበረም።

ከዚህ የምናገኘው የምርመራ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ሞተሩ መቼ እንደሚግል ይጠየቅ። ከተነሣ ጀምሮ የሚግል ከሆነ ወንፊቱና ፓምፑ፣ ኃይል ሲጨመር ብቻ የሚግል ከሆነ መተላለፊያው ይጠርጠር። ቀጥሎ ሙቀቱ በየሲሊንደሩ ይለካ። ቴርሞስታቱ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በተጻፈበት ዲግሪ መከፈቱ ይታይ። ቴስታታው የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጭቃው በእንጨት መፋቂያ፣ በውሃና በአየር ግፊት ይውጣ፤ ብርቱ አሲድ አሉሚኒየሙን ይበላልና አይነካው። ሲገጠምም አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ። ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ሕክምና አይደለም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚኑ በሚገባ አይቃጠልም፣ ጥላሸት ይበዛል፤ የተደፈነው ግን እንደ ተደፈነ ይቀራል።

መከላከያው ከዚህ ይቀላል። ወደ ዳርቻ ሲጠጉ ፕሮፔለሩ ጭቃ እንዳያነሣ ሞተሩን ቀና ማድረግ፣ ማታ ማታ በበርሜል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት፣ የፓምፑን ጎማ ሳይቆረጥ በጊዜው መቀየርና ክንፎቹን መቁጠር ይበቃል። አምራቾች የሚያወጡት የጥገና ጊዜ ለጠራ ውሃ እንጂ ለአባያ የተሰላ አይደለም፤ ለእኛ ውሃ የሚስማማውን ማሳጠር የእኛ የመሐንዲሶች ፈንታ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብ። ከዚያ ቴስታታ የተፋቀው ጭቃ ከሞተሩ የመነጨ አይደለም። ከደጋው ማሳ በጎርፍ ታጥቦ የወረደ፣ እህል ሊበቅልበት ይገባ የነበረ አፈር ነው። በተራራው ወገብ ላይ የሚሠራ እርከን ለአርሶ አደሩ ማሳውን ሲጠብቅለት፣ ለጀልባ ነጂው ደግሞ የመጀመሪያው ወንፊት ይሆንለታል። ስለዚህ ከአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብንቀመጥ ከሙያችን የወጣን አይምሰለን።