በመዝገቡ ላይ ምን ይጻፍ?

(በሰፈራችን መረዳጃ ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ ተለጥፏል። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)



በአባባ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተነሳውን ጭቅጭቅ ያልሰማ የለም። ነገሩ የተጀመረው ከእኔው መዝገብ ነው። የሟች ቤተሰብ ከስማቸው ጎን «የኮሪያ ዘማች» ተብሎ ይጻፍልን ብለው ሲጠይቁ፣ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «ለአሜሪካ የተዋጋ ሰው ምን ዘማች ይባላል? ቬትናምን ያቃጠሉት እነሱ አይደሉም እንዴ?» አለ። የልጅ ልጃቸው አለቀሰች። ሽማግሌዎች ነገሩን አብርደው ለዛሬ ቀጠሩት፤ እኔም እንድናገር ታዘዝኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያነበብኩትንና ከአባባ አፍ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ኮሪያና ቬትናም አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያ ወደ ቬትናም ወታደር አልላከችም። ወደ ኮሪያ ግን ልካለች። በሰኔ 1942 ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር፣ የተባበሩት መንግሥታት ለአባሎቹ ድረሱ የሚል ጥሪ አደረገ። ጃንሆይ ደግሞ በ1928 ጄኔቫ ድረስ ሄደው «ተወረርን» ብለው አቤት ሲሉ የደረሰላቸው አልነበረም። ያ ቁስል ስላለ፣ አንዱ ሲወረር ሌላው ይድረስለት በሚለው ሐሳብ ቃኘው ሻለቃን ከክቡር ዘበኛ አውጥተው ላኩ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ሄደ፤ እዚያም ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በየተራ ከ6,000 በላይ ሰው ዘምቷል፣ ከ120 በላይ ሞቷል፣ አንድም የተማረከ የለም። አባባ በሁለተኛው ሻለቃ ነበሩ። ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም፤ ስለ ብርዱ ግን ይናገሩ ነበር፣ «እንባ ሳይወርድ ይረጋል» እያሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ንጹሕ ወንድማማችነት ብቻ አልነበረም። ጃንሆይ የጦር መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። በ1945 ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈረመ፣ አሜሪካኖቹም አሥመራ ላይ የሬድዮ ጣቢያ ያዙ፤ ስሙንም ቃኘው አሉት።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልምጣ። ቬትናም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1946 ፈረንሳዮች ዲየን ቢየን ፉ ላይ ተሸነፉ፣ አገሪቱም ሰሜንና ደቡብ ተብላ ተከፈለች። ሰሜኑን ሆ ቺ ሚን የሚመራው የኮሚኒስት መንግሥት ያዘው። አሜሪካኖች የፈሩት፣ አንድ ሣር ቤት እሳት ከያዘው የጎረቤቱም ይያያዛል ብለው ነው። እኛ ሣር ቤት ያየን ሰዎች ይህ ፍርሃት ይገባናል። ነገር ግን እሳት ሊያጠፋ የመጣው ሰው ራሱ ቤቱን ቢያቃጥለውስ? በ1957 የምድር ጦር አስገቡ፣ ኋላም ከ500,000 በላይ ደረሰ። ሽምቅ ተዋጊው ጫካ ውስጥ ነው ብለው ጫካውንና አዝመራውን የሚያደርቅ መርዝ ከአውሮፕላን ረጩ። እንሰታችሁ ላይ ከሰማይ መርዝ ሲወርድ አስቡት፤ ለስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት! ከአሜሪካ ወገን ከ58,000 በላይ ሞተ፣ የቬትናም ሕዝብ እልቂት በሚሊዮን ይቆጠራል። ገበሬው ደግሞ የሚያየው፣ ፈረንሳይ ሄዶ ሌላ ፈረንጅ መምጣቱን ነው። ይኼ የመንግሥታቱ ድርጅት የጠራው ዘመቻ አልነበረም። ስለ ቬትናም ወጣቱ ያለው ስህተት የለውም። ስህተቱ የቬትናምን ዕዳ በአባባ ላይ መጻፉ ነው።

1967ን ተመልከቱ። መስከረም 2 ጃንሆይ ወረዱ፤ ታኅሣሥ 11 ደርግ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ ሚያዝያ 22 ሳይጎን በሰሜኖቹ እጅ ገባች። ሁሉም በአንድ ዓመት! ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆ ቺ ሚንን ስም እየጠሩ ይዘምሩ ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ ደግሞ በሰልፍ ግራ እጃችንን አንስተን «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» እንል ነበር። አንድ ቀን እንዲህ እየጮህን በአባባ ደጅ ስናልፍ፣ ከበራፍ ተቀምጠው ነበርና ኮፍያቸውን አነሱልን። እኛ ሳቅን። ሜዳሊያቸው ያኔ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎታ ውስጥ እንደነበረ የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የንጉሡ ዘበኛ መባል ያስፈራ ነበራ።

በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ሲወረን፣ አሜሪካ ከጎናችን አልነበረችም። ሶቪየቶች መሣሪያ አመጡ፣ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደርም መጣ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ተመለሰ። የአባባ የመጀመሪያ ልጅ እዚያ ዘምቶ ቆስሏል። አባት ከአሜሪካ ጋር ኮሚኒስትን ሊወጋ፣ ልጅ ከኮሚኒስት ጋር ወራሪን ሊመልስ! አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ሲሠሩ የረዱት እነዚያው ሰሜን ኮሪያዎች ናቸው። አባባ ሐውልቱን አይተውታል። «ጥሩ አድርገው ሠርተውታል» ብቻ ነው ያሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ «የኮሪያ ዘማች» ተብሎ ይጻፍ ነው። «ጀግና»ም «ቅጥረኛ»ም አይጨመርበት፤ የዕድር መዝገብ መዋጮና የሰው ስም የሚያዝበት ነው። ከአባሎቻችን ካራማራ የዘመቱ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የእነሱም እስከ ዛሬ አልተጻፈም፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የዘማች ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ እስከ እሑድ አምጡልኝ፤ ቀድቼ እመልሳለሁ።

አሁን ለድምፅ እጅ አንሱ፤ ቀኝም ግራም ይቻላል። ከዚያ በኋላ የአባባ አርባ ቅዳሜ ስለሆነ፣ ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች ዓርብ ማታ በ11 ሰዓት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይገኙ። ተራው የደረሰው ያ የተናገረው ልጅ ነው፤ እመጣለሁ ብሎኛል።