ፈራሚው ማን ነው?
በውጭ አገር የሚኖሩ አሜሪካውያን የባንክ ችግርና ሒሳብ የማስታወቅ ግዴታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሌላ አገር ጉዳይ ይመስላል። በውጭ አገር የሚኖሩ አሜሪካውያን ከባንክ ጋር ስለሚገጥማቸው ችግርና ለመንግሥታቸው ስለሚያቀርቡት መግለጫ፣ አዲስ አበባ የተቀመጥነውን እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ነገሩን ለእኔ ካቀረበልኝ አንድ አጋጣሚ ልነሣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ወደ ቢሮዬ መጡ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአሜሪካ ሠርተው፣ የዚያን አገር ዜግነት ወስደው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በእጃቸው የያዙት፣ በአሜሪካ ሳሉ ገንዘባቸውን ያስቀምጡበት ከነበረው ባንክ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ባንኩ አድራሻቸው ከአገር ውጭ በመሆኑ ሒሳባቸውን እንደሚዘጋ ይገልጻል። ስለ ሌላው ገንዘባቸው ስጠይቃቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸው ተቀማጭ እንዳላቸው፣ ከዚህም ሌላ የሰፈራቸው እድር ገንዘብ ያዥ ሆነው ከሊቀ መንበሩ ጋር በጣምራ እንደሚፈርሙ ነገሩኝ። ይህንን ለአሜሪካ መንግሥት አስታውቀው እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ግን ደነገጡ። «ልጄ፣ የእድር ገንዘብ የእኔ ነው እንዴ? ደግሞስ ከማን ሰርቄ ነው የምደብቀው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ነገሩ ሥር መውረድ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ የዓለም አገሮች ግብር የሚያስከፍሉት ነዋሪነትን መሠረት አድርገው ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ግን ከነዋሪነት ሌላ ዜግነትንም መሠረት ታደርጋለች። በዚህ ረገድ አብራት የምትጠቀሰው፣ በውጭ ከሚኖሩ ዜጎቿ ገቢ 2 በመቶ የምትጠይቀው ኤርትራ ናት። በ1924 ሜክሲኮ ከተማ ይኖር የነበረ ጆርጅ ኩክ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ካለው ንብረት ላገኘው ገቢ ለአሜሪካ ግብር ልጠየቅ አይገባኝም ብሎ ተከራክሮ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን፣ መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው ጥቅምና ጥበቃ በድንበር አይገታምና ግብር የመጠየቅ ሥልጣኑም እንዲሁ ነው በማለት ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ግብር መክፈልና ሒሳብ ማስታወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። በውጭ አገር ሠርቶ የሚኖር አሜሪካዊ፣ ሕጉ የጠየቀውን ካሟላ፣ ከደመወዙ እስከ ተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ይህም መጠን ለ2025 130,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ብዙዎች አንዲት ሳንቲም ግብር አይፈለግባቸውም። የማስታወቅ ግዴታው ግን ግብር ባይኖርም አይቀርም። ችግሩም የሚጀምረው «ግብር የለብኝምና የማስታውቀው የለኝም» ከሚለው የተለመደ ስሕተት ነው።

የማስታወቅ ግዴታው ሁለት ምንጭ አለው። የመጀመሪያው በ1970 የወጣው የባንክ ምስጢር ሕግ ነው፤ ስሙ እንዲህ ቢባልም ዓላማው ምስጢርን መግለጥ እንጂ መጠበቅ አይደለም። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አሜሪካዊ ከአገሩ ውጭ ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ «ኤፍ ባር» የሚባለውን መግለጫ ፊንሴን ለተባለው የገንዘብ ሚኒስቴር ክፍል ያቀርባል። የማቅረቢያው ቀን ኤፕሪል 15 ሲሆን፣ ሳይጠየቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል።

ሁለተኛው በ2010 ወጥቶ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ፋትካ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሕግ ነው። ለዚህ ሕግ መንገድ የጠረገው፣ ባለጠጎች ገንዘባቸውን በስዊስ ባንኮች ይደብቁ እንደ ነበር መጋለጡ ነው፤ በ2009 ዩቢኤስ የተባለው ባንክ 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ፋትካ ግዴታውን በሰውየው ላይ ብቻ ሳይሆን በባንኩም ላይ ጫነ። የውጭ ባንኮች አሜሪካውያን ደንበኞቻቸውን ለይተው እንዲያስታውቁ፣ እምቢ ቢሉ ግን ከአሜሪካ ከሚያገኙት የወለድና የትርፍ ድርሻ ገቢ 30 በመቶ እንዲቀነስባቸው አዘዘ። ከዚህም በኋላ ከ100 በላይ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አድርገዋል። ሰውየውም በበኩሉ ንብረቱ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ሌላ ቅጽ ከግብር ማስታወቂያው ጋር አያይዞ ያቀርባል። በውጭ ለሚኖር ላላገባ ሰው ይህ መጠን በዓመቱ መጨረሻ 200,000፣ በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን 300,000 ዶላር ነው። አንዱን ቅጽ ማቅረብ ሌላውን አያስቀርም።

ሕጉ ያነጣጠረው በትልልቆቹ ደባቂዎች ላይ ነበር፤ ወጥመዱ ግን ትንንሾቹንም ያዘ። በአውሮፓ አንዳንድ ባንኮች ከቅጹና ከቅጣቱ ጋር ከመታገል አሜሪካዊ ደንበኛን አለመቀበል ይቀለናል አሉ። የትውልድ ቦታ፣ የስልክ ቁጥር ወይም ወደ አሜሪካ ገንዘብ የማስተላለፍ ቋሚ ትእዛዝ እንኳ ለጥርጣሬ ምልክት ሆነ። በአሜሪካ ያሉት ባንኮችም በበኩላቸው፣ ከ2001 ወዲህ የደንበኛን ማንነት የማጣራቱ ግዴታ ስለ ጠበቀ፣ የውጭ አድራሻ ያለውን ሰው መሸሽ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በውጭ የሚኖረው ሰው ከሁለት ያጣ ሆነ። የእንግሊዙ ፖለቲከኛ ቦሪስ ጆንሰን እንኳ፣ በ1964 ኒው ዮርክ በመወለዱ ብቻ፣ ለንደን ውስጥ ለሸጠው ቤት የአሜሪካ ግብር ተጠይቆ ከፍሏል፤ በ2016ም ያንን ዜግነት ተወ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ሆኖ የታየኝ ግን የአሌክሳንድሩ ቢትነር ታሪክ ነው። ሩማንያ ተወልዶ፣ ወደ አሜሪካ ተሰዶ፣ ዜግነት አግኝቶ፣ የኮሙኒስቱ አገዛዝ ሲወድቅ በ1990 ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነው። ኤፍ ባር የሚባል ግዴታ መኖሩን የሰማው ዘግይቶ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሳይገለጹ ለቀሩ 272 ሒሳቦች፣ ለእያንዳንዱ 10,000 በማስላት፣ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሆን ተብሎ ላልተፈጸመ ጥፋት መቀጫው በመግለጫው እንጂ በሒሳቡ ቁጥር አይሰላም ብሎ ወደ 50,000 ዶላር ዝቅ አደረገለት። ተሰዶ ዜግነት የለወጠ፣ ዘመን ሲለወጥም ወደ አገሩ የገባ ሰው በመካከላችን ስንት ነው?

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። «የእድር ገንዘብ የእኔ ነው እንዴ?» ላሉት መልሱ፣ የእርሳቸው አይደለም፤ ማስታወቅ ግን አለባቸው የሚል ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ባለቤትነትን ብቻ አይደለም። ለብቻም ሆነ በጣምራ ፈርሞ ገንዘብ ማዘዝ የሚችል ሰው ሁሉ ያንን ሒሳብ ይገልጻል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰበካ ፈራሚ፣ የድርጅት ገንዘብ ክፍል ኃላፊ፣ ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ጋር የጋራ ሒሳብ ያለው ባል፣ ዜጋ ባይሆንም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው፣ ሁሉም ይህን ግዴታ ሊመረምሩ ይገባል።

የምንዛሪው ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። በዓመቱ ውስጥ የታየው ከፍተኛው ተቀማጭ ወደ ዶላር የሚለወጠው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ምንዛሪ ነው። የራሱ 500,000 ብርና የሚፈርምበት እድር 300,000 ብር ያለው ሰው እንውሰድ። በ2023 መጨረሻ አንድ ዶላር ወደ 56 ብር ገደማ ስለ ነበር፣ ድምሩ ከ14,000 ዶላር በላይ ሆኖ መግለጫ ያስፈልገው ነበር። በሐምሌ 2024 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ያው ገንዘብ 7,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። ብሩ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ግዴታው ተለወጠ። በዓመቱ የታየውን ከፍተኛ ሒሳብ መዝግቦ መያዝ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ውድ ባልደረቦቼ፤

ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የድርጅትም ሆነ የማኅበር ፈራሚ ሲመረጥ ዜግነቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን በጨዋ ደንብ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ «በእኅትህ ስም አስቀምጠው» ወይም «የትውልድ ቦታህን አትጻፍ» የሚለውን የገበያ ምክር አንምከር። ባለማወቅ የተፈጸመ ጥፋት ይቅር ሊባል ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሒሳብ ግን ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ መጠን ወይም የሒሳቡን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊያስቀጣ ይችላል። በቅን ልቦና ሊረዳ የተነሣ ባለሙያ ስሕተቱን ወደ ወንጀል እንዳይለውጠው ይጠንቀቅ። ሦስተኛ፣ የመመለሻ መንገድ መኖሩን እንንገር። በውጭ የሚኖርና ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው፣ የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያና የስድስት ዓመት የሒሳብ መግለጫ አቅርቦ፣ አለማወቁን በፊርማው አረጋግጦ፣ ያለ መቀጫ ሊስተካከል የሚችልበት ሥርዓት አለ።

አዛውንቱ በዚሁ መንገድ ሄዱ። ያላስታወቁትን የተቀማጭ ወለድ ገለጹ፣ መጠነኛ ግብር ከፈሉ፣ መቀጫ አልተጣለባቸውም። የአሜሪካው ባንክ ሒሳባቸው ግን ከመዘጋት አልዳነም። ለእድሩም ጉዳዩን በግልጽ አስረድተው ከፈራሚነት ለመውረድ ጠየቁ፤ አባላቱ ግን አልተቀበሏቸውም። ዛሬም ይፈርማሉ፤ በየዓመቱም ያስታውቃሉ።

ሕጉ ለእኚህ ሰው አልታሰበም፤ ሆኖም ደርሶባቸዋል። ሕጉን መለወጥ የአሜሪካ ምክር ቤት ሥራ ነው። ሰው ሳያውቅ እንዳይወድቅ አስቀድሞ መጠየቅና መንገር ግን የእኛ ሥራ ነው።